ጋኔን የሌለበት ሰው

ወረታ፣ ረቡዕ፣ ኅዳር ፲፱ ቀን ፲፱፻፶፭ ዓ.ም.
የሱቅ መዝገብ፤ ዛሬ ጠዋት የገባ፦ ሰባት የበሬ ቆዳ፣ ሁለት ኩንታል ኑግ።

ለወንድሜ ሚስት፣ ለዋርሳዬ፤

እንዴት ከርመሻል? የደብረ ታቦር ብርድ እንዴት ያዘሽ? የእናትሽ ጉልበትስ ተሻላቸው? እኔ፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነኝ። ውሃው ከሜዳው ሸሽቶ ከብቱ ወርዷል። አንቺ ከሄድሽ ወዲህ ምሳ ቀርቧል ብሎ የሚጠራኝ ስለሌለ፣ ሱቅ ውስጥ ቆሎ እየቆረጠምኩ እውላለሁ።

ባልሽ አዛናው፣ «ድኛለሁ፣ ትመለስ ብለህ ጻፍላት» ብሎኛል። እኔ ግን ያየሁትን ነው የምጽፍልሽ።

በጥቅምት ወንዛዬ ጠበል ወስጄው ነበር። ፍል ውሃው ውስጥ ሌላው ሲጮህና ሲለፈልፍ እሱ ዝም ብሎ ታጥቦ ወጣ። በዚህ አኮረፈ። ለነፍስ አባታችን ለአባ ወልደ ሥላሴ፣ «ጋኔኑ ተደብቆ ነው እንጂ እኔ ሰው አልሳደብም፣ ሚስቴንም አላባርርም ነበር» አላቸው። እሳቸውም፣ «ጋኔን ቢሆንማ በመስቀል አስወጣው ነበር፤ ይሄ ግን ራስህ ነህ። ሐሙስ ሐሙስ እየመጣህ የተጣላኸውን ሰው ሆነህ አጫውተኝ» አሉት። ያለ እኔ አልሄድም ስላለ አብሬው ተቀመጥኩ።

መጀመሪያ ጎረቤታችንን ጎበዜን ሁን ቢሉት፣ «እሺ፣ እኔ ጎበዜ ነኝ፤ ድንበር ገፊ ሌባ ነኝ» ብሏቸው አረፈ። አባ እስኪያስላቸው ሳቁ። ባለፈው ሐሙስ አንቺን ሁን አሉት። እሱም መሬት መሬት እያየ፣ «ሲገባ መጀመሪያ ፊቱን አያለሁ፤ መናገር እንዳለብኝና እንደሌለብኝ የማውቀው ከዚያ ነው» አለ። ወዲያው ብድግ ብሎ፣ «አያችሁ፣ ይሄን ያናገረኝ ጋኔኑ ነው!» ብሎ ወጣ።

አባ ወደ እኔ ዞረው፣ አንተስ ማንን ትሆናለህ አሉኝ። ከማንም አልተጣላሁም አልኳቸው። «ለመጣላትም እኮ ሰው ያስፈልጋል» አሉ። ቆዳ ፀሐይ ላይ አስጥቼ ነበር፤ ተነሥቼ ሄድኩ።

ዛሬ ጠዋት አዛናው መጥቶ ነገ እንሄዳለን ወይ አለኝ። መንገድ አለብኝ አልኩት። ደጃፉ ላይ ቆሞ ቆሞ፣ «እንግዲያው ብቻዬን እሄዳለሁ» አለ። ይህን መዳን ብዬ አልጽፍልሽም። አሁን አትምጪ፤ እስከ ገና ቆዪና እንደገና እጽፍልሻለሁ።

እመቤታችን ከክፉ ትጠብቅሽ፤ የእናትሽን ደጅ ሰላም ታድርገው።

ዋርሳሽ

ነገ፦ አዲስ ዘመን ከተማ ሄዶ ጨው መጫን፤ ሱቅ ያለው እስከ ጥምቀት ቢበቃም።