የጠፉት አራት ጎማዎች እኔ ዘንድ ናቸው

ሮካሙታ፣ ጃንዋሪ 21

ለክቡር ዶክተር ኤቶሬ ማርሲኮላ
የሮካሙታ ከንቲባና የጎማ መራጭ ኮሚቴው የበላይ ጠባቂ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ እንደምን ሰንብተዋል እያልኩ፣ ጉልበትዎ እንዲጠና፣ ወገብዎን እንዳይቆረጥምዎ፣ በተለይም ሁለቱ ኩላሊቶችዎ እስከ እርጅናዎ ድረስ ያለ ረዳት ሥራቸውን እንዲሠሩ ከልቤ እመኛለሁ። ይህ የመጨረሻው ምኞት የአፍ ብቻ እንዳይመስልዎ፤ በእርስዎ አስተዳደር ሥር ኩላሊቱ እምቢ ያለው ሰው ምን እንደሚገጥመው በዓይኔ ስላየሁ ለጠላቴም አልመኘውም።

ሰኞ ዕለት በማዘጋጃ ቤቱ ደጃፍ፣ በቡና ቤቱ መስታወትና ምንም ባልበደለችው ቤተ ክርስቲያናችን በር ላይ ያስለጠፉትን ትእዛዝ መነጽሬን አድርጌ ሁለት ጊዜ አነበብኩት። «ማንነቱ ያልታወቀ ግለሰብ የማዘጋጃ ቤቱን መኪና አራት ጎማዎች ከነቸርኬያቸው ፈትቶ በመውሰድ በምትካቸው አነስ ያሉ ስለገጠመ፣ በአምስት ቀን ውስጥ ራሱን እንዲያቀርብ፣ የተወሰዱትም ጎማዎች እስከ ዓርብ ጠዋት ወደ ቦታቸው እንዲመለሱ» ይላል። እነሆ ራሴን አቀረብኩ። ኑንዚያቶ ቼራሶሊ እባላለሁ፤ ከቢሮዎ በር አርባ እርምጃ ርቄ ሠላሳ ስምንት ዓመት ጎማ የሠራሁ ጎሚስታ ነኝ። አምስቱ ቀን ለእኔ ብዙ ነው፤ የሚያስቸኩለኝ ዓርብ ነው። ዓርብ በረዶ ይጥላል ተብሏል፤ ዓርብ ደግሞ እህቴ ኤርሲሊያ ለኩላሊት እጥበት ወደ ሆስፒታል የምትወርድበት ቀን ነው።

ደብዳቤው በአደባባይ የሚነበብ በመሆኑ፣ ነገሩን ለማያውቅ እንግዳ ጥቂት ላስረዳ ይፍቀዱልኝ። ባለ ስድስት መቶ ፈረስ ጉልበቱን ቅንጡ የመስክ መኪና መንግሥት ከአንድ የባሕር ዳር ኮንትሮባንዲስት ወርሶ፣ የመንደራችንን ሦስት የኩላሊት ሕመምተኞች ሰኞ፣ ረቡዕና ዓርብ የተራራ መንገዳችንን ሃያ ሰባት ኩርባ ወደ ሆስፒታል አውርዶ እንዲመልስ ለማዘጋጃ ቤታችን ሰጠ። ከዚያ በፊት የነበረው የሕዝብ መኪና በየዳገቱ እየተገፋ የሚሄድ ስለነበር እግዜር ይስጥልን አልን፤ ያልነውም ከልባችን ነበር። መኪናው የመጣው ግን ኮንትሮባንዲስቱ ከፖሊስ ሊሸሽበት ባስገጠመው ሰፊና ስስ የበጋ ጎማ ነበርና፣ ክረምቱ ሳይገባ የአራቱ ወቅት ጎማ እንዲመረጥለት ግድ ሆነ። ጉዱ የጀመረው ከዚህ ነው፤ ቅሬታዬን እንደ ደንቡ በቁጥር አቀርባለሁ።

አንደኛ፤ ኮሚቴውን ስላቋቋሙልን አመሰግናለሁ። ቀያሹ ክዊሪኖ፣ የመድኃኒት ቤቱ ባለቤትና የማርሽ ባንዱ መሪ ሦስት ጊዜ ተሰብስበው ስለ ጎማ መክረዋል፤ ከሦስቱ አንዱም በዕድሜው ክሪክ ከመኪና ሥር አስገብቶ አያውቅም። እኔ ሳልጠየቅ በኦክቶበር አንድ ገጽ ጽፌ አስገብቼ ነበር። ሊብሬው የሚፈቅደው አነስ ያለ ቸርኬ ይግባ፤ ጎማው ወፈር ይበል፤ የመኪናውን ክብደት የሚችል ይሁን፤ አራቱም አንድ ዓይነት ይሁኑ፤ ከሁሉ በላይ ጎኑ ላይ ባለ ሦስት ጫፍ ተራራና በውስጡ የበረዶ አበባ የተቀረጸበት ይሁን አልኩ። መልስዎን በጽሑፍ ባላገኝም በመንገድ ላይ አገኘሁት፤ ሕዝብ እየሰማ «አንተ ኑንዚያቶ፣ ትራክተር መሰለህ እንዴ? ይሄን የመሰለ መኪና የሕፃን ጫማ አጥልቄለት በአደባባይ ልታይ?» አሉኝ። ሰዎቹ ሳቁ፤ እኔም ለአክብሮት ያህል ፈገግ አልኩ፤ ያቺ ፈገግታ እስከ ዛሬ ትቆጨኛለች።

ሁለተኛ፤ ስለ ምርጫው ጥበብ ምስጋና ይድረስዎ። ኮሚቴው ጎማው በሰዓት ሦስት መቶ ኪሎ ሜትር የሚችል ካልሆነ የመኪናው ክብር ይነካል ብሎ ወሰነ። መንገዳችን በኩርባው ላይ ሠላሳ ብቻ ነው የሚፈቅደው፤ ተሳፋሪዎቹም በመርፌ የተበሳሳ ክንዳቸው እየጠዘጠዛቸው ሾፌሩን ሳባቲኖን «ቀስ በልልን ልጄ» የሚሉ ሰዎች ናቸው። ሦስት መቶ የሚሮጠው ማን ይሆን? ይህን ፍጥነትና ያንን ሰፊ ቸርኬ አሟልቶ የተገኘው ጎማ «የአራቱ ወቅት» ይባል እንጂ፣ ጎኑ ላይ ያለው ጭቃና በረዶ ማለት የሆኑት ሁለት ፊደላት ብቻ ናቸው። እነዚያን ፊደላት ፋብሪካ ሁሉ ማንም ሳይፈትነው በራሱ ቃል ያትማቸዋል። የተራራው ሥዕል ግን በረዶ ላይ ተፈትኖ ላለፈ ጎማ ብቻ የሚሰጥ ነው። ሥዕሉ የሌለው የእርስዎ ጎማ ብርድ ሲነካው እንደ ከረመ አይብ ደረቀ።

እዚህ ላይ የእህቴን ምስክርነት ልጨምር። ሦስተኛ ክፍል ያስተማረችዎ እሷ መሆንዋን አይረሱትም፤ እሷም አልረሳችዎትም። ሥዕሉን እንዴት ሳያየው ቀረ ብዬ ብጠይቃት «ኤቶሬማ ሥዕል ላይ እጁ ጎበዝ ነበር፤ ችግሩ ቀና ብሎ የሚስለውን ነገር አያይም» አለችኝ።

ሦስተኛ፤ ስለ ሰንሰለቶቹ። ከኖቬምበር አጋማሽ እስከ ኤፕሪል አጋማሽ በዚህ መንገድ የሚሄድ ሁሉ ወይ የክረምት ጎማ ያስገጥማል፣ ወይ የበረዶ ሰንሰለት ይይዛል። እርስዎም አያድርገውና እንዳይቀጡ ሰንሰለት አስገዝተው ከነላስቲኩ ከመኪናው ኋላ አስቀመጡት። ከላስቲኩ ውስጥ ያለው ወረቀት ግን በዚህ ስፋት ባለው ጎማ ላይ ፈጽሞ እንዳይታሰር ይላል፤ በጎማውና በመኪናው አካል መካከል ጣት አያስገባምና። ሳባቲኖ ይህንኑ ቢነግርዎ «ሕጉ መኪናው ላይ ይኑር ነው ያለው፤ ይታሰር አላለም» ብለው መለሱለት። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ ማለት ይህ ነው። አገሩ ሁሉ እንዲህ አድርጎ ፍተሻ ያልፋል፤ አልዋሽም፣ እኔም ለስንቱ ደንበኛ የማይሆን ሰንሰለት ሸጬ አውቃለሁ። ሆኖም ደንበኞቼ መንገዱ ቢዘጋባቸው ወደ ቤታቸው የሚመለሱ ጤነኞች እንጂ፣ አንድ ቀን ከዘለሉ የሚሞቱ አልነበሩም።

ከዚህ በኋላ ቁጥሩን እተወዋለሁ።

ጃንዋሪ 7 ረቡዕ ጠዋት መኪናው ሦስቱን ሕመምተኞች ይዞ ወረደ። በረዶው ከቁርጭምጭሚት አያልፍም ነበር። አሥራ አንደኛው ኩርባ ላይ፣ ከጸሎት ቤቷ አጠገብ፣ ሳባቲኖ በእግረኛ ፍጥነት እየሄደ ፍሬን ቢነካ ስድስት መቶው ፈረስ በጎኑ ተንሸራቶ ከድንጋዩ ግንብ ጋር ተላተመ። ግንቡ ባይኖር ይህን ደብዳቤ የምጽፈው ለእርስዎ ሳይሆን ለዓቃቤ ሕግ ነበር። ስልክ በዚያ ኩርባ አይሠራም። ሳባቲኖ ያንን የማይታሰር ሰንሰለት ሊያስር ሲታገል የጣቶቹ ቆዳ ተገሸለጠ። መኪናው መንቀሳቀስ ሲያቅተው፣ እህቴ ሰዎቹ በብርድ እንዳያንቀላፉ የማባዛት ሰንጠረዥ እያስቆጠረቻቸው አራት ሰዓት ሙሉ ቆዩ። ሳባቲኖ ሰባት ጊዜ ስምንትን ስቶ እንደ ገና እንዳስጀመረችው እየሳቀች ነገረችኝ። እኔ መሳቅ አልቻልኩም።

የበረዶ መጥረጊያው ደርሶ ሲያወጣቸው የሆስፒታሉ ተራ አልፎ ነበር። ሐሙስ ጠዋት ፊቷ አብጦ፣ መተኛት አቅቷት፣ በዚያ ብርድ መስኮት ከፍታ ተቀምጣ አየር ስትለምን አገኘኋት። እንደ ሕፃን ታቅፌ ሠላሳ ዓመት የነዳሁት አሮጌው ፓንዳዬ ላይ ጫንኳት፤ ያ የሚናቀው መኪና ተራራና የበረዶ አበባ በተቀረጸባቸው ቀጫጭን ጎማዎቹ አንድ ጊዜ እንኳ ሳይንሸራተት አወረደን። ልጄ የምትሆን ሐኪም ኮሪደር ላይ ይዛኝ «አባባ፣ የዘለላችሁት አንድ ቀን ነው፤ ሁለተኛውን ልቧ አይችለውም» አለችኝ። የሌሎቹ ሁለት ሕመምተኞች ልብ እንዴት እንደሰነበተ እነሱን ይጠይቋቸው፤ እነሱ ፓንዳ ያለው ወንድም የላቸውም።

በዚያው ሐሙስ እርስዎ «ያልተጠበቀ የአየር ሁኔታ ለፈጠረው መጉላላት ማዘጋጃ ቤቱ አዝኗል» የሚል ወረቀት አስለጠፉ። በአብሩዞ ተራራ፣ በጃንዋሪ፣ በረዶ ያልተጠበቀ? ክቡር ሆይ፣ ይፈሩ! ቢያንስ እግዜርን ይፍሩ! ሰው ካላፈሩ፣ ፊደል ያስቆጠረችዎን መምህርዎን ይፈሩ! ይቅርታ፤ ድምፄ ከፍ አለ፤ በአክብሮት ይፈሩ ለማለት ነው።

ምከረው ምከረው እምቢ ካለ መከራ ይምከረው ይላሉ። የእርስዎ መከራ ግን እህቴ ደረት ላይ ስለወደቀ እርስዎን ሊመክርዎ አልቻለም። ስለዚህ እሑድ ጃንዋሪ 11፣ ሮካሙታ ሁሉ ምሳ ላይ በነበረበትና ውሻ እንኳ በማይጮህበት ሰዓት፣ ክሪኬን ይዤ ወደ ማዘጋጃ ቤቱ ጓሮ ሄድኩ። ቁልፉ መላው መንደር በሚያውቀው ቦታ፣ ከፀሐይ መከላከያው ሥር ነበር። የመኪናው ወንድም ከሆነ አንድ የተጋጨ መኪና የወጣ፣ ልኩ በሊብሬው ላይ የተጻፈ ቸርኬ አግኝቼ፣ በኦክቶበር የነገርኩዎትን ጎማ አልብሼው ነበርና አራቱንም ገጥሜ፣ ብሎኖቹን አጥብቄ፣ ነፋሱን ለክቼ በሃምሳ ደቂቃ ጨረስኩ። ሳባቲኖን እንዳይከሱት አደራ፤ ብሎኖቹን በእጁ ይዞ ከአጠገቤ ቆሞ ሃምሳ ደቂቃ ሙሉ ምንም አላየም። ለድካሜ ክፍያ አልጠይቅም።

የእርስዎ ጎማዎች ታጥበው፣ ደርቀው፣ በሱቄ ጥግ ተደርድረው ይገኛሉ። ይህን ስርቆት ካሉት እሰየው፤ መኪናው ከሌባ ተወስዶ መልካም ሥራ ከሠራ፣ ሌባውም ጥቂት ይሥራ። ከዓርብ በፊት መልሰህ ግጠማቸው የሚለውን ትእዛዝዎን ግን በአንድ ትንሽ ልመና ብቻ እፈጽማለሁ። ዓርብ ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ እርስዎ ራስዎ መጥተው ከኋላ ወንበር ከኤርሲሊያ አጠገብ ይቀመጡ፤ ያን ጊዜ ሦስት መቶ የሚሮጡትን ጎማዎችዎን በገዛ እጄ እገጥምልዎና፣ በረዶው ላይ ሃያ ሰባቱን ኩርባ አብራችሁ ትወርዳላችሁ። ለመምጣት የማይመችዎ ከሆነ ጎማዎቼ ባሉበት ይቆያሉ። ሊፈታቸው የሚመጣ ሰው ግን መጀመሪያ እኔን ይፈታኛል፤ ቃሌ ቃል ነው።

ስለ ትዕግሥትዎ፣ ስለ ኮሚቴዎ፣ ከነላስቲኩ ስለተቀመጠው ሰንሰለትዎና ስለ ግንቡ፣ ግንቡን እንኳ ያሠሩት አያትዎ እንጂ እርስዎ ባይሆኑም፣ ከዝቅተኛው የጎማ መደብሬ እስከ ከፍተኛው ሰገነትዎ የሚደርስ ምስጋናዬን አቀርባለሁ።

እጁ ጥቁር፣ ጥፋቱ የታመነ፣ አድራሻው አርባ እርምጃ ማዶ የሆነ ታዛዥዎ፣

ኑንዚያቶ ቼራሶሊ፣ ጎሚስታ

ማስታወሻ፤ ቀያሹ ክዊሪኖ በሜትር ለክቶ የጎማዎቹን መለወጥ የደረሰበት በዚህ ሰኞ ነው። ባለፈው ቅዳሜ፣ በቅዱስ አንቶኒዮ በዓል፣ በረዶው እስከ ጉልበት ሲደርስ፣ እርስዎ የከንቲባነት መቀነትዎን ታጥቀው በዚያው መኪና እስከ አደባባዩ ወጡ። ደመራው ፊት ቆመው፣ አንድ እግርዎን ከጎማው ላይ አሳርፈው «ኮሚቴያችንን የተቹ ሁሉ ዛሬ ያፍራሉ፤ አያችሁ፣ እንደ ፍየል ነው የወጣችው!» አሉ። ሕዝቡም እጅዎን ከልብዎ ላይ እስኪያደርጉ ድረስ አጨበጨበልዎ። ያጨበጨበው ሁሉ በምን ጎማ እንደወጡ ከእሑድ ጀምሮ ያውቅ ነበር። የተራራውና የበረዶ አበባው ሥዕል ከጫማዎ አጠገብ አንድ ስንዝር ላይ ነበር። ኤርሲሊያ ደህናውን ክንዷን በእኔ ላይ ተደግፋ ስታይዎ ቆየችና «አየኸው ኤቶሬን? ያኔ ቀና ብሎ አላየም፤ ዛሬ ደግሞ ጎንበስ ብሎ አላየም» አለችኝ።