የታላቁ ወንድም ጣት

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 4

ዛሬም መብራት የለም። ላፕቶፔ ከምሳ በፊት ጠፋ፣ የቀረውን በእጄ ጻፍኩ። በጤና ቢሮ ሥራዬ ይኸው ነው... የተመራማሪዎቹን የዘረመል ጥናት ቀበሌ ውስጥ ወደሚሠራ ነገር መመለስ። አንድ ጥራዝ ጥናት ወደ አንድ ገጽ!

ፍሬ ነገሩ አጭር ነው። ጉበት ውስጥ የሚደበቀውን ወባ የሚያጠፋው ክኒን ለብዙው ሰው ፈውስ ነው። አንዳንዱ ግን በተፈጥሮው ደሙ አይችለውም፣ ቀይ ደሙን ያፈርስበታል። ስለዚህ ከክኒኑ በፊት የጣት ደም ምርመራ። አለቃዬ አቶ ክብሩ «ገበሬው ለምን ብሎ ይጠይቃል፣ ምክንያቱን ጨምሪበት» አሉኝ። «ከወላጅ የሚወረስ ነው» ብዬ ጨመርኩ። ወደዱት። እኔም ወደድኩት።

ታዲያ ለምን ደጋግሜ አነበዋለሁ? ልማዴ ነው። ገና ያልተላከ ወረቀት እንኳ ያስፈራኛል።

እሁድ፣ ጥቅምት 9

ከምሠራበት ከተማ ከሴቻ ወደ ላንቴ ወረድኩ፣ ወደ ቤተሰቦቼ ቀበሌ። ከአምልኮ በኋላ ስለ ክኒኑና ስለ ምርመራው አስተማርኩ። ታላቅ ወንድሜ ኦይታ ወባው ዘንድሮ ለሦስተኛ ጊዜ ተነስቶበታል። ሰው ሁሉ እያየ ጣቱን ለጤና ኤክስቴንሽኗ ለአቢጋኤል ሰጠ። ደሙ ደህና ሆነ፣ የሁለት ሳምንት ክኒን ተሰጠው።

«የቢሮ ሴት ወንድም መሆን ለካ ጣት ያስወጋል!» እያለ አሳቃቸው። ሌላውም ተሰለፈ። ደስ አለኝ... ደስ ሲለኝ ደግሞ የበለጠ እፈራለሁ።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 13

አቢጋኤል ደወለች። ሰው በደንብ እየመጣ ነው አለች፣ ከየቤቱ አንድ አንድ ሰው። ጥሩ ነው አልኳት። ግን ለምን አንድ አንድ? ልጠይቃት ስል ስብሰባ ጠሩኝ።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 19

ኦይታ ገና ሳይነጋ ደወለ። «ባፈና ሽንቱ እንደ ኮካ ጠቆረ። ዓይኑም ቢጫ ሆነ።» ባፈና የመጨረሻው ወንድማችን ነው።

«ምን ወሰደ?»

ስለ ሙዝ ቆረጣው ጀመረልኝ።

«ኦይታ፣ ምን ወሰደ?»

«የኔን ክኒን። እኔን በሦስት ቀን ተሻለኝ፣ እሱን ደግሞ ብርድ ብርድ አለው። ሙዝ የምንቆርጥበት ሳምንት ነው፣ ጤና ኬላ ሄዶ ይዋል? አንቺ ራስሽ ከወላጅ ይወረሳል አልሽ። ያው አንድ እናት፣ አንድ አባት። እኔ ቤቱን ወክዬ ተወጋሁ።»

አሁን ገባኝ። እዚህ ለስብሰባም ለእርቅም ለቤቱ የሚቆመው ታላቁ ነው፣ ባይራው። ለምርመራውም ባይራቸውን ልከዋል! ይህን እኔ፣ የላንቴ ልጅ፣ እንዴት አላሰብኩም? ወንድ ልጅ ይህን የደም ችግር የሚወርሰው ከእናቱ ነው፣ አንዱ ወንድም ይወርሳል፣ ሌላው አይወርስም። ጥናቱ ላይ ነበር። ለማሳጠር ብዬ አወጣሁት።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 20

ሆስፒታል። ባፈና ደም ተሰጠው። ከንፈሩ ነጭ ነው። ሐኪሙ ለኩላሊቱ ይሰጋል፣ «እንጠብቅ» ብቻ ይላል። ኦይታ ኮሪደሩ ላይ መሬት ተቀምጧል። አያየኝም፣ እኔም አላየውም።

ቢሞትስ? አንድ ዓረፍተ ነገር ነው የጻፍኩት... ጌታ ሆይ፣ ቢሞትስ?

ዓርብ፣ ጥቅምት 21

ለአቶ ክብሩ ሁሉንም ነገርኳቸው። «ክኒኑ ይቁም?» አሉ። አይቁም አልኩ። ከቆመ ወባው እየተመላለሰ ይጥላቸዋል። የሚውጠው ሰው ራሱ ይመርመር፣ ክኒኑንም ጤና ኬላ እየመጣ ይዋጥ፣ ቤት ይዞ አይሂድ። ወረቀት ገፋ አድርገውልኝ «በይ፣ አሁኑኑ ጻፊው» አሉኝ።

አቢጋኤል ቤት ለቤት እየዞረች የተረፈውን ክኒን ትሰበስባለች። ሳይመረመር የዋጠ ሌላ ሰው እንዳይኖር ፈራሁ። በደወለች ቁጥር መጀመሪያ የምጠይቃት ይህንኑ ነው።

ሰኞ፣ ጥቅምት 24

ሽንቱ ጠራ! ባፈና ዓይኑን ገልጦ መጀመሪያ ያለኝ «ሙዙ ተቆረጠ ወይ?» ነው። አልጋው ጠርዝ ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ።

እሁድ፣ ኅዳር 7

ላንቴ። ባፈና ከስቷል፣ ግን በእግሩ መጣ። ኦይታ ሚስቱንም ልጆቹንም አሰልፎ ጠበቀኝ። ከአምልኮ በኋላ ተነሳ። እኔ ሳልጠይቀው።

«ለስብሰባ ቤቴን እወክላለሁ። ለእርቅም እወክላለሁ። ለደም ግን አልወክልም። ወንድሜን ልገድለው ነበር።»

ከኋላ አንዲት እናት ሁለት ወንዶች ልጆቿን እየጎተተች ወደ ሰልፉ መጣች። ሌሎችም ተከተሏት። ሁሉም ጣት በየተራ ተወጋ።

ከዚያ ኦይታ ወደኔ ዞረ። «አንቺስ? የባፈና እህት አይደለሽም?»

ስንት ዓመት ስለ ዘረመል ሳወራ... አንድ ቀን እንኳ አልተመረመርኩም። ጣቴን ሰጠሁ። አቢጋኤል መሣሪያውን አየች፣ ከዚያ እኔን። «መካከለኛ ነው፣ እህት ዘሪቱ። ባፈናን የጎዳውን አንቺም በከፊል ተሸክመሻል።»

ኦይታ ትከሻዬን ያዘኝ። አቢጋኤል ስሜን ከሌሎቹ ሥር ጽፋ «ቀጣይ» አለች።