በደጃፋችን ላይ የተጻፈው ዓመት

ለምወድህ ወንድሜ ለሴቲሚዮ፣

እንደምን ሰንብተሃል? ያ የወገብህ ሕመም ተወህ ወይ? ኢላሪያስ? ልጆቹስ? ሜልበርን ሙቀቱ ገባ ወይ? እኛ ደህና ነን። እማዬ ጉልበቷ እንጂ ምላሷ አልደከመም።

መቼም ካንተ የምደብቀው የለኝም፤ አንድ የሚያሳፍር ሥራ ሠርቻለሁ። የማዘጋጃ ቤቱ ቀያሽ ይመጣል ሲባል፣ አባባ በደጃፋችን ሲሚንቶ ላይ የጻፈውን 1941 በቀይ ቀለም አደመቅኩት። እንዲታይልኝ ብዬ!

ነገሩ እንዲህ ነው። ከሐዲዱ ማዶ ተነስቶ በእኛ በኩል የሚያልፍ ትልቅ መንገድ ሊወጣ ነው። ፎሳ ቢያንካ ነባር ሰፈር ተብላ ካልተመዘገበች፣ ከድንጋይ ካባው በታች በፈፋው ዳር ያሉት አሥራ አንድ ቤቶች ይፈርሳሉ። የእማዬ ቤት ሦስተኛው ነው።

ቀያሹ መጣ፤ ገና ለጋ ነው፣ ጫማው ያብረቀርቃል። ካርታውን በግንበኛው በኦቴሎ ወንበር ላይ ዘረጋና «በ1941 ከአውሮፕላን በተነሳው ፎቶ እዚህ የሚታዩት በጎች ብቻ ናቸው» አለ። ኦቴሎ መቼ ዝም ይላል! «አሥራ አንድ ደጃፍ እየመሰከረ አንተ በጎቹን ታምናለህ?» አለው። ልጁም ሳቀና «ታዲያ ጌታዬ፣ አሥራ አንዱም ቤት በአንድ ዓመት ተሠርቶ፣ በአንድ ሰው እጅ ተጻፈ?» አለ። ይሄኔ እማዬ በመስኮት ብቅ ብላ «የምን 1941! ያኔ እኮ እኔ ገና አገሬ አብሩዞ ልጃገረድ ነበርኩ፤ ባሌን ኩዊሪኖን በዓይኔም አላየሁት!» ብላ አረፈች። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

ታስታውሳለህ፣ ከ1942 ወዲህ ለሚሠራ ቤት ፈቃድ ይጠየቅ ነበር፤ አባባም የማዘጋጃ ቤቱን ዘበኞች ለማታለል ለጎረቤቱ ሁሉ ያንን ዓመት ጻፈላቸው። ወንዶቹ ሳምንቱን ሙሉ ለከተማው ሰው ሲገነቡ ከርመው እሑድ እሑድ የራሳቸውን ያቆሙ ነበር። እኔና አንተ ከፈፋው አሸዋ በባልዲ ስናመላልስ፣ ጣሪያው ባለቀ ቀን የወይራ ዝንጣፊ ተሰቅሎ ለግንበኞቹ ፓስታ ሲቀርብ፣ አንተ ሦስት ሳህን በልተህ የታመምከው እንኳ ትዝ ይለኛል።

እሑድ ዕለት ጎረቤቱን ሰበሰብኩና «እውነተኛውን ዓመት እንጻፍ» አልኳቸው። ፀጉር ሠሪዋ ጂልዳ «አንቺ ልጅ፣ አብደሻል? ጥፋታችንን በገዛ እጃችን በሲሚንቶ ላይ እንጻፍ?» ብላ ጮኸች። «አዎ፣ እንጻፍ!» አልኳት። «ፈፋውን የጠረግነው እኛ፣ ውሃውን ያስገባነው እኛ፣ አስፋልት ላይ ተቀምጠን፣ መንገድ ዘግተን አውቶቡስ ያስመጣነው እኛ። የምርጫ ካርድ ሲያድሉን ቤታችን ጠፍቷቸው አያውቅም። ታዲያ የምን መሽኮርመም ነው?» ኦቴሎ መሮውን ሊያመጣ ገባ። እስከ ምሳ ድረስ አሥራ አንዱም ደጃፍ የየራሱን እውነተኛ ዓመት ያዘ፤ የእኛ 1956 ሆነ። ጂልዳም ብትሆን የእሷን ራሷ ነው የጻፈችው፤ ያውም ከሁሉም አግዝፋ።

ሐሙስ በማዘጋጃ ቤቱ አዳራሽ ጉዳያችን ይሰማል። መጀመሪያ የምትናገረው እማዬ ናት፤ ጥቁር ቀሚሷን ከአሁኑ ተኩሳ ሰቅላለች። ቢፈረድብንም ከደጃፋችን ንቅንቅ አንልም፤ ቡልዶዘሩ ከመጣ አስቀድሞ ከእኔ ጋር ይነጋገር።

ኢላሪያን ሳምልኝ፤ ዶናቶን ጉንጩን፣ ትንሿን ሚሬላን ግንባሯን ሳምልኝ። ለአማትህም እማዬ ስለ ጥጡ ክር አመስግኛለሁ ብላለች። ሐሙስ ከአዳራሹ እንደወጣሁ በቀጥታ ፖስታ ቤት እገባለሁ፤ ማን ምን እንዳለ አንድም ሳላስቀር እጽፍልሃለሁ። አንተም መልስህን በዚሁ አድራሻ ላክ፤ ሌላ አድራሻ የለንም።

እህትህ ኤርሲሊያ

በፈፋው ዳር ሦስተኛው ቤት፣ ፎሳ ቢያንካ፣ ሮም
ኖቬምበር 6 ቀን 1984