መልስ ያልሰጡኝ ሰው

ቱርሚ፣ ሰኔ 1983 ዓ.ም.

ውድ ጋሼ ወልደሰማያት፣

ይህ ደብዳቤ እጅዎ ይግባ አይግባ እርግጠኛ አይደለሁም። ነጋዴው አብደላ ከጂንካ ዕቃ ጭኖ መጥቶ ሲያጫውተኝ፣ እርስዎን ጎሬ ከተማ ያየ ሰው እንዳለ ነገረኝ። "ሸምግለዋል፤ ግን ያው ናቸው አሉ" አለኝ። ይህን ሁሉ ዓመት በሕይወት መኖርዎን እንኳ አላውቅም ነበር።

ካላስታወሱኝ፣ አረጋሽ ነኝ፤ የወንጌላዊው የዶላሞ ልጅ። በ1976 ጂንካ ሲያስተምሩ፣ ከሰዓት በኋላ በአውሮፕላን ሜዳው ዳር አብራዎት ትሄድ የነበረችው።

ያን ጊዜ እንዴት እንደነበርኩ ያውቃሉ። ቀይ አፈር ከተማ ያለው ቤተ ክርስቲያናችን ታሽጎ፣ አባቴ ታስሮ፣ እኔ ጂንካ አክስቴ ቤት ተጠግቼ ነበር። ማትሪክም ወድቄ ነበር። ጓደኞቼ ገሚሶቹ ወደ ኮሌጅ፣ ገሚሶቹ ወደ ትዳር ሲሄዱ እኔ ሜዳው ላይ ከሚግጡት ከብቶች ጋር ቀረሁ። እርስዎም ብቻዎን ነበሩ። ከእስር ተፈትተው ነው የተመደቡት ተብሎ ስለተወራ፣ አስተማሪዎቹ እንኳ አብረውዎት ሻይ አይጠጡም ነበር። እኔ የቀረብኩዎት ደፋር ሆኜ አይደለም፤ የሚያናግረኝ ሰው ስላጣሁ ነው።

"ጋሼ፣ ሰው የሚኖረው ለምንድን ነው?" አልኩዎት፣ ሰላምታ እንኳ በቅጡ ሳላቀርብ። እርስዎ ግን አልሳቁብኝም።

"እንዲህ ብሎ የሚጠይቅ ሰው ብዙ ጊዜ የሚጠይቀው ሌላ ነገር ነው" አሉኝ። "ምን ሆነሽ ነው?"

"ማትሪክ ወደቅሁ።"

"እሱ የደረሰብሽ ነው። ጥያቄሽስ?"

ጥያቄዬን እስካገኘው ሰነበትኩ። በመጨረሻ ያቀረብኩልዎት ይህን ነበር፦ አባቴ ሕይወቴን እግዚአብሔር አስቀድሞ እንዳዘጋጀው አስተምሮኛል፤ የወጣት ማኅበሩ ሰዎች ደግሞ ሁሉን የሚወስነው ታሪክ ነው ይላሉ፤ ታዲያ የእኔ ድርሻ የቱ ነው?

ቆም አሉና "ዛሬ ጠዋት ከመኝታሽ ማን አስነሳሽ?" አሉኝ።

"አክስቴ። ውሃ ቅጂ ብላ።"

ሲስቁ ያየሁዎት ያን ቀን ነው። "እንግዲህ ከሁሉም የቀደሙት አክስትሽ ናቸው" አሉ። እኔም አባቴ ከታሰረ ወዲህ የሳቅሁት ያን ቀን ነበር።

የጤና ጣቢያው ነገር ከዚያ በኋላ መጣ። አክስቴን ወባ ይዟት ወስጃት ተራ ስንጠብቅ፣ አንዲት የበና ሴት ሕፃን ታቅፋ ቆማለች። የጤና ረዳቱ፣ ድሬሰሩ፣ በአማርኛ ይነግራታል፤ እሷ አትሰማውም። ከበና ልጆች ጋር ስላደግሁ ቋንቋዋን እችላለሁ አልኩት። ፊቱ ላይ ድካም ነበር። "ልጁ አይተርፍም። እባክሽ አንቺ ንገሪያት" አለኝ።

ሴትየዋ ዓይን ዓይኔን ታያለች። ትቼ መሄድም፣ ይድናል ብሎ ማለፍም በሐሳቤ መጣ። ከዚያ አጠገቧ መሬት ላይ ቁጭ አልኩና እሷንም አስቀምጬ ነገርኳት። አላለቀሰችም። "አንቺ የማን ልጅ ነሽ?" አለችኝ። የዶላሞ ልጅ ነኝ አልኳት። እጄን እንደያዘች ሕፃኑ አረፈ።

ያን ቀን ወደ እርስዎ የመጣሁት ተናድጄ ነው። "ቃሉ የእኔ አልነበረም" አልኩዎት። "የድሬሰሩ ነው። ለምን ከእኔ አፍ ይወጣል?"

"ያንቺ የሆነ ምንም አልነበረበትም?"

"ምንም።"

"መሬት ላይ ቁጭ በይ ያለሽ ማን ነው?"

ማንም አላለኝም። ሜዳው ጫፍ ደርሰን ተመለስን። "አብዛኛውን ነገር ተሰጥቶሽ ነው የምታገኚው" አሉኝ ኋላ። "ቋንቋው፣ ዘመኑ፣ የሰው ሞት። አንቺ የምትጨምሪባት ትንሽ ናት። እሷን ግን ሌላ ሰው አይጨምርልሽም።"

በሳምንቱ ድሬሰርነት መማር እፈልጋለሁ ብዬ መጣሁ። እሰየው ይሉኛል ብዬ ነበር። "ሁልጊዜ ቁጭ ማለት ትችያለሽ?" ብቻ አሉኝ።

ለሥልጠናው የቀበሌ የድጋፍ ደብዳቤ ያስፈልግ ነበር። ሊቀ መንበሩ በደህና ተቀበለኝ፤ ወንበርም ሰጠኝ። ቆይቶ ግን "ያ አስተማሪ ስትሄዱ የሚያወራሽን እየመጣሽ ንገሪን። ወረቀትሽ ዛሬውኑ ያልቃል" አለኝ። "አስተርጓሚ አይደለሽ እንዴ?" ብሎም ቀለደ።

ለእርስዎ የነገርኩዎት እንዲወስኑልኝ ፈልጌ ነው። ፊትዎ ተለወጠ፤ ድምፅዎ ግን አልተለወጠም። "የምናወራው የሚደበቅ አይደለም። ብትነግሪያቸውም አልቀየምሽም። ወስንልኝ ካልሽኝ ግን አልወስንልሽም" አሉኝ። እኔ ግን ተቀየምኩዎት። ያለኝ አንድ ሰው እሱም ተወኝ ብዬ መንገድ ለመንገድ እያለቀስኩ ሄድኩ።

በማግስቱ ሊቀ መንበሩን አልችልም አልኩት። ለምን ሲለኝ "አልችልም፣ ጓድ" ብዬ ደገምኩለት። ወረቀቴን መሳቢያው ውስጥ ከተተና ወደሚቀጥለው ባለጉዳይ ዞረ። ብዙም ሳይቆይ የእርስዎ ዝውውር መጣ።

የሄዱ ቀን ከተማው እንደ ልማዱ አውሮፕላን ሊያይ ወጥቶ ነበር። ልጆች ከብቶቹን ከሜዳው አስወጡ። እርስዎ ሻንጣዎን ይዘው ብቻዎን ቆመዋል፤ ሰዉ ሁሉ ከእርስዎ ፈንጠር ብሏል። ሊቀ መንበሩም ነበረ። አክስቴ ነጠላዬን ጨምድዳ ይዛ "ተይ ልጄ" አለችኝ። አስለቅቄያት ሜዳውን አቋረጥኩ። ያ ሜዳ እንደዚያ ሰፍቶብኝ አያውቅም።

"አትፈሪም?" አሉኝ ስደርስ።

"እፈራለሁ።"

"እኔም" አሉ።

ሻንጣዎን ተቀብዬ እስከ ደረጃው ያዝኩልዎት። 

ከዚያ በኋላ የሆነውን ባጭሩ ልንገርዎት። ጂንካ ሥራ የሚሰጠኝ ስላጣሁ እዚህ ቱርሚ ክሊኒክ በጽዳት ሠራተኛነት ተቀጠርኩ፤ የሐመርና የበና ቋንቋ አንድ ስለሆነም እግረ መንገዴን አስተረጉም ነበር። ሥልጠናውን ያገኘሁት ከስንት ልመና በኋላ ነው፤ አርባ ምንጭ ተምሬ እዚሁ ተመለስኩ። አባቴ ተፈቶ ቀይ አፈር ጥቂት ኖሮ አረፈ። አላገባሁም። ሐመሮቹ ይወዱኛል፤ ግን እንግዳቸው ነኝ። ከደጋ የመጡት ሠራተኞች ደግሞ እንደ አገሬው ያዩኝ ነበር። የማወራው ሰው አላጣሁም፤ የማወያየው ግን የለኝም። አንዳንዴ ፀሐይ ስትበርድ ወደ ደረቁ ወንዝ እወርድና ጥያቄ አነሳለሁ፤ ከዚያ በእርስዎ ፈንታ ሆኜ ራሴን መልሼ እጠይቃለሁ። እርስዎን መሆን አይሆንልኝም። ቶሎ መልስ እሰጣለሁ።

ባለፈው ወር መንግሥት ሲለወጥ የክሊኒኩ ሠራተኛ ሁሉ ወደየአገሩ ሄደ። ኃላፊያችን ቁልፉን እጄ ላይ አስቀምጦ በጭነት መኪና ወጣ። ደመወዝ የለም፤ መድኃኒቱም እያለቀ ነው። አብደላ "ጂንካ ላድርስሽ" ብሎኝ ነበር። ቁስላቸውን የማጥብላቸው ሰዎች በር ላይ ስለነበሩ ነገ እነግርሃለሁ አልኩት።

ትናንት አንድ የሐመር ሽማግሌ የልጅ ልጁን ሳክምለት ቆይቶ "የላከሽ መንግሥት ሄዷል። አንቺ ታዲያ የማን ሆነሽ ነው እዚህ ያለሽው?" አለኝ። ያሾፈብኝ መስሎኝ ቀና ስል የምሩን ነው።

"እኔ እንጃ አባቴ" አልኩት። "እርስዎስ ምን ይመስልዎታል?"

በርጩማውን አስጠግቶ ስለ ራሱና ስላየው ዘመን ሊያጫውተኝ ተቀመጠ። ብዙ አወራን። ያንን ያህል ካወራሁ ዓመታት አልፈዋል። እሱን ከሸኘሁ በኋላ ለአብደላ እንደማልሄድ ነገርኩት፤ በዚያው ይህን ደብዳቤ ወደ ጎሬ በሚሄድ ሰው እጅ እንዲያደርስልኝ ለመንኩት።

ሽማግሌው ሲነሳ አንድ ነገር ጠይቆኝ ነበር። "ስለ እኔ ብዙ አወራን። አንቺስ፣ ማን አለሽ?" አለኝ። ያኔ እርስዎም ትዝ አሉኝ። ያን ሁሉ ከሰዓት አብረን ስንሄድ የምናወራው ስለ እኔ ነበር። እስር ቤት ምን እንዳዩ፣ ማንን ትተው እንደመጡ፣ ማታ ቤትዎ ሲገቡ ማን እንደሚቀበልዎት አላውቅም።

ዛሬ ልጠይቅዎት። ጋሼ፣ እርስዎስ ማን አለዎት?

ጊዜ ቢወስድም እጠብቃለሁ። ይህችን ብቻ ግን በጥያቄ አይመልሱልኝ።

ልጅዎ
አረጋሽ ዶላሞ