የሸዋረጋ ሶል «ጫማ ነው» ስለተባለበት ጉዳይ

ለተከበሩ የጤና መድን ኃላፊያችን ለአቶ መኳንንት፤

ይህ ጽሑፍ እርስዎንም ቤተሰብዎንም በሙሉ ጤና፣ በተለይም በደህና እግር ላይ ቆማችሁ ያገኛችሁ ዘንድ ምኞቴ ነው። እኔ የሞላሌው ልብስ ሰፊ ምንይሉ ነኝ። በአደባባይ የምጽፍልዎ ለምስጋና ነው።

አንደኛ፣ ስላስተማሩን አመሰግናለሁ። ባለቤቴ ሸዋረጋ የበግ ጸጉር ፈትላ ገበያ የምታወጣ፣ የስኳር ሕመም እግሯን ያደነዘዘባት ሴት ናት። ሐኪሙ እንዳትቆስል ብሎ ጫማዋ ውስጥ የሚገባ፣ በእግሯ ልክ የሚሠራ ሶል አዘዘላት። ሆስፒታሉ ዋጋውን ሲጽፍ «የጫማ ሶል» በማለቱ፣ እርስዎ «መድን በሽታን እንጂ ጫማን አይሸፍንም» ሲሉ በትሕትና አስረዱን። እኛ አላዋቂዎቹ እስከዚያች ቀን ድረስ ሕክምና መስሎን ነበር።

ሁለተኛ፣ አቤቱታዬን «በኮሚቴ ይታያል» ብለው ስለተቀበሉልኝ አመሰግናለሁ። ከቢሮዎ እንደወጣን ሸዋረጋ «በጓን ሸጠን እናሠራው» አለችኝ። «መድን የገባነው ለምን ሆነና? መብታችን ነው፤ ትንሽ ታገሺ» አልኳት። እርስዎ ኮሚቴውን ጠበቁ፤ እኔ እርስዎን ጠበቅሁ፤ እሷ እኔን አምና በዚያው በላስቲክ ጫማዋ ገበያ ተመላለሰች። አንድ ቅዳሜ ከገበያ ገብታ ጫማዋን ስታወልቅ ካልሲዋ በደም ርሶ አየሁ። እሷ ምንም አልተሰማትም ነበር።

ሦስተኛ፣ ስለ ሙሉ ሽፋንዎ አመሰግናለሁ። ቁስሉ መርቅዞ ሁለት የእግር ጣቶቿ ሲቆረጡ መድኑ አልጋውንም፣ ማደንዘዣውንም፣ ፋሻውንም ያለ አንዳች ጥያቄ ሸፈነልን።

እርስዎን ብቻ ብወቅስ እንዴት በቀለለኝ! ነገር ግን «ታገሺ» ያሏት እርስዎ አይደሉም። በጓ ደጃችን ታስራ እያለች፣ እኔ ትክክል መሆኔን ላሳይዎት ስል የሚስቴን እግር መያዣ አድርጌ ተከራከርኩ። ሸዋረጋ አንድም ቀን አልወቀሰችኝም። ቁስሏን ሳጥብላት ፊቷን ወደ ግድግዳው ታዞራለች፤ እንዳላፍር ብላ ነው። መራመድ በቻለች ሰሞን እኔን ሳታማክር በጓን ሸጠች፤ «ለተረፈውም ቢሆን» ብላ እግሯን አስለካች። ደግ አደረገች።

ጥፋቱን ከእርስዎ ጋር ለመካፈል የተገደደው፣ ድርሻውንም የማይክደው አክባሪዎ፣
ምንይሉ ወልደ ጻድቅ

ይህንንም ልጨምር፦ የዘንድሮ መዋጮአችንን በወቅቱ ከፍለናል። ሌላኛው እግሯ ሙሉ ሽፋን ለማግኘት እንዳይበቃ በጸሎትዎ ያስቡን።