ሦስት መቶ ሺህ ለአንድ ሰዓት

ጁን 9
ቦርሳ የመሸከም ተራ ደረሰኝ። የዛሬዋ ሴትዮ ቦርሳዋ ውስጥ ምን እንደከተተች እንጃ... ጡብ ነው መሰለኝ። ዳገቱን ሙሉ "ሰባት መቶ ዶላር! ለአንድ ሰዓት!" እያለች ስታማርር እኔ ጡቧን አዝዬ "አይዞሽ፣ ደርሰናል" እላለሁ። አልደረስንም ነበር።

ጎሪላዎቹ ተገኙ ሲባል እንደ ሁልጊዜው ቦርሳ ወረደ፣ ተሸካሚ ቆመ፣ የከፈሉት ገቡ። ከእኛ ሁለት መቶ እርምጃ ቢሆን ነው። ቅርንጫፍ ሲሰበር ይሰማል፣ ሽታቸው ይመጣል... በቃ። አሥራ አንድ ዓመት እንዲህ። ጓደኛዬ ኦሪኪሪዛ ቦርሳ ተደግፋ "እኛ እኮ የሠርግ ሾፌር ነን፤ ሙሽራ አድርሶ ውጭ የሚጠብቅ" አለች። ሳቅን። ምን እናድርግ?

ጁን 11
ታታን፣ አባቴን፣ ጤና ጣቢያ ወሰድኩት። የዓይን ግፊት ነው አሉ። የግራው ጠፍቷል፤ የቀኙም ዓመቱን ከጨረሰ...
"አይመለስም?"
"አይመለስም፣ ኛቦ፣ እመቤቴ።"
 መንገድ ላይ "ጥቁሮቹን አንዴ ባያቸው" አለ፤ ጎሪላዎቹን። እንዲሁ፣ ውሃ እንደሚጠይቅ ሰው። ጫካው ፓርክ ሆኖ ሳይዘጋ ቀፎ ይሰቅልበት የነበረ ሰው ነው። ጎሪላ ሲያጋጥመው፣ ለሽማግሌ እንደሚለቀቀው፣ መንገድ ለቆ ነበር የሚያልፈው። አሁን ፈቃድ መግዛት አለበት። ለአገሬው ሁለት መቶ ሃምሳ ሺህ ሽልንግ። ሁለት መቶ አለኝ። ማለቴ... ለጣራ ቆርቆሮ ያስቀመጥኩት።

ጁን 12
ጣራው ይቆይ። ዝናቡን እንደሆነ ለምደነዋል።

ጁን 20
ፈቃድ ልገዛለት እንደሆነ ታታ ሰማ። ተቆጣ።
"ጎረቤቴን ሰላም ለማለት ትኬት? ጎሪላው ነው ክፈሉ ያለሽ?"
"ታታ፣ ጠባቂው ከምን ይብላ? አዳኙን ማን ያባርር?"
የማላምነውን አልተናገርኩም፤ አምናለሁ። ያ ገንዘብ ባይኖር አንድም አይተርፍም ነበር። ማመን ግን ኪስ አይሞላ። ማታ ኮቱን አውጥቶ ሲያራግፍ አየሁት። ስንት ዓመት ያልለበሰውን።

ጁላይ 2
ትናንት ተራዬ ነበር፤ ሁለት መቶ ሃምሳው ሞላልኝ። ጽሕፈት ቤቱ ድረስ በሩጫ። ጸሐፊዋ ቆጠረችና ቀና አለች።
"ኛቦ፣ ሦስት መቶ ነው።"
"ከመቼ ወዲህ?"
"ከትናንት።"
ከትናንት! ማስታወቂያው ግድግዳ ላይ ከርሟል። የፈረንጆቹ ዋጋ ብቻ መስሎኝ... ስንቴ በፊቱ አለፍኩ። እኔን የሚመለከት ወረቀት ግድግዳ ላይ ይለጠፋል ብዬ መች አሰብኩ? መሬቱን በእግሬ መታሁት። እግሬን አመመኝ።

ጁላይ 15
ኦሪኪሪዛ ተራዋን ሰጠችኝ። "ለአባትሽ ነው እንጂ ላንቺ አይደለም፣ እንዳትኩራሪ።" ፈቃዱ ተገዛ። ለጁላይ 24።

ጉልበቱስ? እግሩ ላልቻለ ቱሪስት፣ በትከሻ የምንሸከመው ወንበር አለ፤ ሄሊኮፕተር እንለዋለን። ዋጋው ከታታ ፈቃድ ይበልጣል። ንጋቢራኖ፣ የእንጎዚ ማኅበራችን ሊቀመንበር፣ ሳቀብኝ። "እንጎዚ እያለ? ሙዜን፣ ሽማግሌውን፣ በነፃ እናወጣቸዋለን።" ስንት በሽተኛ በእንጎዚ፣ በዚያች የቅርጫት አልጋ፣ ሐኪም ቤት አድርሰዋል። እኔስ እንዴት ሳላስበው?

ጁላይ 24
ንዴቴ እስካሁን አልበረደም። 

ስምንት ወንዶች ታታን በእንጎዚ አንስተው፣ እየዘፈኑ የፓርኩ በር ላይ ደረሱ። ታታ ኮት ለብሶ፣ ባርኔጣ ደፍቶ፣ እንደ ንጉሥ ተጋድሟል። ጠባቂው ሙህዌዚ፣ የሰፈራችን ልጅ፣ ከሩቅ ሲያየን እጁን አነሳ።
"ሙዜ ምን ሆነው ነው?"
"ምንም። ጎሪላ ሊያዩ ነው።"
"ኪያሪሲማ፣ በእንጎዚ የመጣ ሰው ታማሚ ነው። ታማሚ ደግሞ አይገባም፤ በሽታው ወደ ጎሪላዎቹ ይተላለፋል። አንቺ ይሄ ጠፍቶሽ ነው?"
"ጉልበቱ እኮ ነው!"
"ለጉልበት እንጎዚ ሲወጣ አላየሁም።"

እውነቱን ነው... እዚህ ተራራ ላይ እንጎዚ ሲያልፍ ሰው ባርኔጣውን አውልቆ "ማን ነው?" ይላል። ለሽርሽር የወጣ እንጎዚ ማን አይቶ ያውቃል? ደህናውን ሰው እኛው አሳመምነው።

ታታ ከቅርጫቱ ውስጥ ቀና ብሎ "አንተ የካማራ ልጅ! አባትህ ማሬን ሲሰርቅ ሮጬ የያዝኩት እኔ ነኝ!" አለው። ሙህዌዚ ሳቁን ዋጠ። በሩን ግን አልከፈተም። ቱሪስቶቹ ገለጻውን ጨርሰው ሊነሱ ነው። ፈቃዱ የዛሬ ብቻ ነው።

ያዳነችን ኦሪኪሪዛ ናት። ባዶውን ሄሊኮፕተር እየጎተተች መጣች፤ ማንን እንደለመነች አልጠየቅኩም። ያው ሽማግሌ፣ ያው ትከሻ፣ ከቅርጫት ወደ ወንበር። ሙህዌዚ ሳል፣ ትኩሳት ጠየቀው፤ ምንም የለም። "እንኳን ደህና መጡ፣ ሙዜ" አለ። ተኝቶ ሲመጣ በሽተኛ፣ ተቀምጦ ሲመጣ ቱሪስት!

ቦርሳ የሚወርድበት ቦታ ላይ ወንበሩም ወረደ። ሙህዌዚ ክንዱን ያዘው። ታታ ዞር አለ።
"ነይ እንጂ።"
"እኔ እዚህ ነኝ።"
"ለምን?"
"ፈቃድ የለኝማ።"
"አሥራ አንድ ዓመት?"
ወንበሩን ማስተካከል ያዝኩ። ፊቱን... አልጽፈውም።

ጁላይ 25
 ዛሬ ጠዋት የማሽላ አጥሚቱን እየጠጣ ስለ ትናንቱ ጎሪላ ማውራት ጀመረ። "ፊቱን በደንብ አላየሁትም። ጀርባው ግን ነጭ ነው፣ እንደ እኔ ራስ። ሲያኝክ ሰማሁት... ቀስ ብሎ። የሚያስቸኩለው የለ።" ደስ ሊለኝ ሲል ኩባያውን አስቀመጠ። "አንቺ ግን ውጭ ቆመሻል።"
ደስታውን አበላሸሁበት። ያን ሁሉ ከፍዬ!

ኦገስት 18
ታታ ሙክቱን ሸጠ! ለቀብሩ ብሎ ያስቀመጠውን! ሳይነግረኝ!
"ለቀስተኛው ምን ሊበላ ነው?" ብዬ ጮህኩ።
"ድንች ይብላ። እኔ ሞቼ እነሱ ሥጋ የሚበሉት በምን ሒሳብ ነው? ጉልበትሽ የእኔን ሳይመስል ፈቃድ ገዝተሽ ግቢ።"
ቆርቆሮ ይገዛበት አልኩ። እንቢ። ጣራው እያፈሰሰ፣ የኔ አባት ለጎሪላ...
ተኳረፍን።

ኦገስት 21
እሱ ነው ያሸነፈ። ጸሐፊዋ "በማን ስም?" ስትለኝ ወደ ኋላዬ ዞሬ አየሁ። ማንም የለም። እኔው ነኝ። ለሴፕቴምበር 6።

የተሸካሚዎቹን አለቃ "የዚያን ቀን ከተራ አውጣኝ" አልኩት።
"ታመሻል?"
ወረቀቱን አሳየሁት። ኦሪኪሪዛ ከእጁ ነጥቃ አነበበችና... በተሸካሚዎቹ መሃል ጩኸት ሆነ።
"ቦርሳዋን የምሸከም እኔ ነኝ!"
"ተራ አለ፣ በተራ!"
"የምን ተራ? ተራዬን የሰጠኋት እኔ!"
"እኔ እኮ ቦርሳ የለኝም" አልኩ።
"ፈልጊያ!" አለች ኦሪኪሪዛ። "ደግሞ ከባድ ይሁን።"

ቦርሳ ማን ያውሰኛል?