ሃምሳ ሰባት ኪሎዋን ልጅ ሰባ አምስት ላደረጉልን ክቡር ኃላፊ

ለከተማችን የቡጢ ስፖርት ማስተባበሪያ ጽሕፈት ቤት ክቡር ኃላፊ
ወላይታ ሶዶ

ክቡርነትዎ፣ እንደምን ሰንብተዋል? ስብሰባው፣ ግምገማው፣ የግምገማውም ግምገማ ጤናዎን እንዳልነካብን ተስፋ አደርጋለሁ። እኛ ከቢሮዎ በታች የምንኖረው ስምዎን ሳናነሳ ውለን ማደር ካለመቻላችን በቀር ደህና ነን።

ይህን ደብዳቤ በግልጽ የምጽፈው በዝግ የጻፍኳቸው አራቱ መዝገብ ቤትዎ ውስጥ በሰላም ስላረፉ ነው። ጉዳዬ አጭር ነው። የአገር አቀፉ ሻምፒዮና ምዝገባ የፊታችን ዓርብ ይዘጋል። በዝርዝሩ ላይ የቦክሰኛዋ የብሩክታይት ክብደት ከሰባ አምስት ወደ ሃምሳ ሰባት ካልተመለሰ ልጅቷ ዘንድሮም አትወዳደርም፤ ዘንድሮ ካልሆነላት ደግሞ ጓንቷን እንደምትሰቅል ለእናቷ ለወይዘሮ አሰፋሽ ቃል ሰጥታለች።

ስለ ክብደት ለመናገር አንተ ማነህ ቢሉኝ፣ እህል ነጋዴ ነኝ። ጽሕፈት ቤትዎ ሚዛን ስለሌለው የከተማው ቦክሰኞች ላለፉት አሥራ አንድ ዓመታት የሚመዘኑት በእኔ መደብር፣ በቆሎና ቦሎቄ በሚመዘንበት ሚዛን ላይ ነው። ሚዛኑ እስከ ዛሬ ቦክሰኛን ከጆንያ ጋር አምታቶ አያውቅም።

አንደኛ፦ ስለ ቦክሰኛው ስለ ተሻገር ልባዊ ምስጋናዬን ይቀበሉ። ይህ ግራኝ ልጅ በአሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ሲመታ፣ የተመታው ሰው መጀመሪያ መሬት ላይ ይቀመጥና ምን እንደደረሰበት የሚጠይቀው ከዚያ በኋላ ነበር። ጽሕፈት ቤትዎ «ተስፋ የሚጣልበት ወጣት» የሚል የምስክር ወረቀት ሰጠው፤ በዓመቱም ደገመው፤ እንዲህ እያለ ሠላሳ አንድ ዓመት እስኪሞላው ተስፋ ሲጣልበት ኖረ። በየበዓሉ ጓንት አጥልቆ ከባንዲራው ኋላ ይሰለፋል፤ ውድድር ሲመጣ ግን «ለትልቁ መድረክ እናቆየው» ይባላል። ሪከርዱ እስከ ዛሬ ንጹሕ ነው፤ ተሸንፎ አያውቅም፣ ገጥሞም አያውቅም። ተሻገር አሁን ባጃጅ ነጂ ነው፤ ያ ግራ እጅ ከመናኸሪያ ወደ ዩኒቨርሲቲው ከሚመላለሰው ባጃጁ እየወጣ፣ ሾፌሩ ሊታጠፍ መሆኑን ለሕዝብ ያመለክታል።

ሁለተኛ፦ ወደ ብሩክታይት ስመጣ ምስጋናዬ ይበዛል። አምና የተወዳዳሪዎቹ ዝርዝር ሲላክ አምስትና ሰባት ቦታ ተለዋውጠው ኖሮ፣ ሃምሳ ሰባት የምትመዝነው ልጅ ሰባ አምስት ተባለች። ሰው ይሳሳታል። አሠልጣኟ ኤልሳዕ ውድድሩ ሦስት ሳምንት ሲቀረው ስህተቱን ይዞ ቢመጣ፣ ጸሐፊዎ በታላቅ ትሕትና «ወንድሜ፣ ደብዳቤው እኮ ወጪ ሆኗል፤ አሁን መስተካከል የምትችለው ልጅቷ ናት» ብለው አሰናበቱት።

ስለዚህ ልጅቷ ትስተካከል ተባለ። ሰፈሩ ተረባረበ። ለዘመን መለወጫችን ለጊፋታ በዓል ከእንሰት የሚሠራው ሙቹዋ ያለ ጊፋታ በቅቤ ርሶ ቀረበላት፤ ትንሽ ቀዝቀዝ ስትል ዳታ በርበሬ እየተጨመረ እንደገና ብይ ተባለች። ወይዘሮ አሰፋሽ በጸሎት ቡድናቸው ፊት ቆመው «ጌታ ሆይ፣ አንተስ ሃምሳ ሰባት አድርገህ ነበር የፈጠርካት፤ ጽሕፈት ቤቱ ግን ሌላ አሳብ አለው» ሲሉ፣ ግማሹ አሜን አለ፣ ግማሹ ሳቀ። በሦስት ሳምንት ስልሳ ሦስት ገባች፤ ለሃምሳ ሰባት በዛች፣ ለሰባ አምስት አነሰች። በውድድሩ ቦታ ሚዛን ላይ ስትወጣ መዛኙ ወረቀቱን አየ፣ እሷን አየና «እኅቴ፣ የቀረው አሥራ ሁለት ኪሎ በሁለተኛው መኪና ነው የሚመጣው?» አላት። አንድ ቡጢ ሳትሰነዝር በሚኒባስ ተመለሰች።

ሦስተኛ፦ ከዚያ በኋላ ያወጡት ሪፖርት ነው። «ተወዳዳሪዋ የተመደበላትን ክብደት ባለማሟላቷ ተሰናብታለች» ይላል። ክብደትም እንደ ቦታ በምሪት የሚሰጥ መሆኑን እስከዚያ ቀን አላውቅም ነበር፤ ስላስተማሩን እናመሰግናለን።

ክቡርነትዎ፣ ልጅቷ ያንን ስድስት ኪሎ ያወረደችው ክረምቱን ሙሉ በጭቃው ዳሞታ ተራራ ላይ እየወጣችና እየወረደች ነው። ሰኞ ዕለት ተመዝና ሃምሳ ሰባት ሆነች፤ ኤልሳዕ ፊቱን አዙሮ ዓይኑን ጠረገ። በማግስቱ የዘንድሮው ዝርዝር ወጣ፤ ቀኑ ብቻ ተቀይሮ የአምናው ነበር። ለምን ብለን ስንጠይቅ «ዘንድሮ ብንቀይረው አምና ተሳስተን ነበር ማለት አይሆንብንም ወይ?» ተባልን። ይሆናል፣ ክቡርነትዎ። በጣም ይሆናል።

እንግዲህ የምንለምነው አዳራሽ አይደለም፣ አዲስ ጓንትም አይደለም፤ ሁለት አኃዞች ከዓርብ በፊት ቦታ እንዲለዋወጡልን ብቻ ነው። ስህተቱን ማመን ከከበደዎት «ተወዳዳሪዋ በጽሕፈት ቤቱ ያልተቋረጠ ክትትል በአንድ ዓመት አሥራ ስምንት ኪሎ ቀንሳለች» ብለው ሪፖርት ያድርጉ። እኔ እመሰክራለሁ፤ ሽልማትም ቢመጣ እርስዎ ይቀበሉት። ልጅቷ የምትፈልገው መግጠም ብቻ ነው።

ማኅተምዎ የደረቀ ቀን እንዳይመጣ እየተመኘሁ፣ ከወንበርዎ ከፍታ አንጻር ራሴን በሚገባኝ ልክ ዝቅ አድርጌ፣ ወጪ ከሆነ በኋላ የማይስተካከል አክብሮቴን አቀርባለሁ።

ገብረማርያም ወልደመስቀል
እህል ነጋዴ፣ ወላይታ ሶዶ

ከፊርማዬ በኋላ ያስታወስኩት፦ ትናንት ለአረብ አገር ሥራ ሰው የሚመለምል የኤጀንሲ ሠራተኛ ከወይዘሮ አሰፋሽ ቤት ተቀምጦ የብሩክታይትን ቅጽ ሲሞላ ነበር። ክብደቷን ጽሕፈት ቤትዎ ከሰጣት የቦክሰኛ መታወቂያ ላይ ገልብጦ ሰባ አምስት ብሎ ጻፈና ቀና ብሎ አያት። «አንቺ? ሰባ አምስት?» አለ። ሰረዘው፣ ሃምሳ ሰባት ብሎ ጻፈ፣ ከጎኑ ፈረመበት። አንድ ደቂቃ አልፈጀበትም። እሷ ገና አልፈረመችም፤ የሰጣት ቀጠሮ ቅዳሜ ጠዋት ነው።